በሉ ልበልዎት

አመተሥላሴ ቴዎፍሎስ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የወደቀችው ሳታጠና ቀርታ አይደለም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅላት፤ በሞላሌ ገበያ የተወራው ሌላ ነውና። "ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ባሏን ጥላ አባቷ ቤት ገብታ፣ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወረቀት ታቅፋ ስትዞር ልታልፍ ኖሯል?" ተባለ። ገብስ ሻጩም፣ በግ ነጋዴውም፣ ስለ ፈተና ከሰሙት ሌላ የማያውቁ ሰዎች ሁሉ አስተያየታቸውን ሰጡ። ከመካከላቸው ጋይዱን ገልጦ ያየ አልነበረም። እሷ ግን ያን ጋይድ የተባለ የመለማመጃ ጥያቄ ጥራዝ ከሽፋኑ እስከ ጀርባው በቃሏ ትወጣዋለች። የወደቀችው ዕውቀት አንሷት ሳይሆን መልስ በዝቶባት ነው።

መልስ እንዴት ይበዛል የሚል ካለ አባቷን ማወቅ አለበት። የኔታ ቴዎፍሎስ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቃሉን የምታነብላቸው አመተሥላሴ ናት። እሷ አንድ መስመር ታነባለች፤ እሳቸው "እንዲህ ማለት ነው" ብለው ይፈቱታል። ከዚያ ጥቂት ያስቡና "አንድም" ይላሉ፤ ሌላ ፍቺ ይመጣል። እንደገና "አንድም" ይላሉ፤ ሦስተኛው ይመጣል። አዲሱ ፍቺ የፊተኛውን አይጥለውም። ተማሪዎቹ "ያስኬዳል" የተባለውን ሁሉ በቃላቸው ይይዛሉ። በዚህ ጉባኤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተቀመጠች ሴት ፈተና ላይ ስትቀመጥ ምን ልትሠራ እንደምትችል አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ጥያቄው ይህ ነበር። አንድ ግቢ በር ላይ "በዚህ ግቢ ፈረስ ማሰር ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል። አንድ ሰው ፈረሱን ወደ ግቢው አስገብቶ ሳያስር ለቀቀው። ሕጉን ጥሷል ወይስ አልጣሰም? "ኤ" አልጣሰም ይላል፤ አላሰረምና። "ቢ" ጥሷል ይላል፤ ክልከላው ግቢውን ከፈረስ ለመጠበቅ የወጣ ነውና። አመተሥላሴ መረመረችው። የኤ ፍቺ ከቃሉ የወጣ ነው፣ ያስኬዳል። አንድም፣ የቢ ፍቺ ከምክንያቱ የወጣ ነው፣ ያስኬዳል። እውነት ሁለት ሆኖ ሳለ አንዱን ብቻ ማጥቆር ሌላውን መካድ መስሎ ታያት። እናም ሁለቱንም ክብ አጠቆረች። በዚያው ልማድ ብዙ ጥያቄ ላይ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዱ ላይም ሦስት እያጠቆረች ወጣች። ከአዳራሹ ስትወጣ እንዳለፈች እርግጠኛ ነበረች።

ውጤቱን የነገራት ወንድምአገኝ ነው። ወንድምአገኝ እሷ በጸሐፊነት የምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው፤ ጋይዱንም ከቴሌግራም አውርዶ፣ በሁለት ገጽ አትሞ፣ በሽቦ ጠርዞ የሰጣት እሱ ነው። እንዴት እንደሠራች ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"ሁለት ክብ? ሁለት ክብ አጠቆርሽ? የሚያርመው እኮ ማሽን ነው! ሁለት ካየ ዜሮ ነው የሚሰጠው።"

"ሁለቱም ያስኬዳላ።"

"ማሽን አንድም አያውቅም፣ አመተሥላሴ!"

"እንግዲያው ይማር" አለችው፤ ቆሽቷ አርሮ ነበር። "እኔ ሳልማር ነው የገባሁት? እሱም ይማር!"

ወንድምአገኝ ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ለሚቀጥለው ዓመት ፈተና አዲሱን ጋይድ እንዲያወርድላት ያዘዘችው በዚያው ቀን፣ እዚያው ቆማ ነው። እንባዋ አልደረቀም ነበር፤ ግን ትእዛዙ ትእዛዝ ነበር።

እዚህ ላይ ሕግን ምን አስመኛት የሚለው ሳይነገር አይታለፍም። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከአባታቸው የወረሱት የገብስ ማሳ በጓሳ አፋፍ ላይ ነበራቸው። ወንድማቸው ወዳጆ እህቱ ቄስ ቤት ገብታለች፣ መሬት ምን ያደርግላታል ብሎ ማሳውን በራሱ ስም አስመዘገበው። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከሰሱ። በቀጠሮው ቀን ዳኛው በጨዋ ደንብ "ክርክርዎን ያስረዱ" አላቸው። እሳቸው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ወዳጆ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዳኛው ደግሞ ጠየቀ፤ ጠበቀ። አመተሥላሴ ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ "እኔ ልናገርላት" አለች። ዳኛው ውክልና እንዳላት ጠየቃት። አልነበራትም። "እንግዲያው ተቀመጪ" አላት። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ በዳኛው ላይ ቂም የላትም። ቂም የያዘችው በዚያች ቃል ላይ ነው።

የኔታ ቴዎፍሎስም በዚያ ቀን ነበሩ። በሩ ላይ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው። የመጻሕፍት መምህር በዓለማዊ ችሎት ቆሞ ስለ መሬት መጨቃጨቅ አይገባውም ብለው ያምናሉ። ክሱ ሲዘጋ ሚስታቸውን ይዘው ወጡ፤ "እግዚአብሔር ያያል" አሉ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም "ያያል" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ማሳው ተነሥቶ አያውቅም።

አመተሥላሴ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አልኖረችም። ሁለተኛውን ዓመት በጋይድ ላይ አሳለፈችው። ኮፒ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ ጋይዱን ትገልጣለች። እንግሊዝኛው ሲከብዳት ቃሉን በስልኳ ትፈልጋለች፤ ካገኘችው በኋላ እንደ ቤተ ክህነት ተማሪ እየተንጎራደደች፣ ጮክ ብላ ደጋግማ ትወጣዋለች። የመታወቂያ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ገበሬ "ይቺ ልጅ ምን ሆነች?" ብሎ ወንድምአገኝን ጠይቆታል። "ሕግ እየደገመች ነው" አለው። ገበሬው እንደ ጸሎት ቆጥሮት ኮፍያውን አወለቀ።

የቸገራት አንድ ነገር ነው። መልሱን መምረጥ አሁንም አልሆነላትም። አንዱን ክብ ብቻ ማጥቆር እንዳለባት ገብቷታል፤ ግን የትኛውን? የመለማመጃውን ጥያቄ ስትሠራ ሁለቱ እኩል እየቆሙ ያስቸግሯታል። የጋይዱ መልስ ቁልፍ ደግሞ ፊደሉን እንጂ ምክንያቱን አይነግራትም። አንዴ "ቢ"ን ትመርጣለች፤ አንዴ "ኤ"ን። ስትስት ቁልፉን ትሰድበዋለች፤ ስታገኝም አታምነውም።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው የኔታ ቴዎፍሎስ ተናገሩ። እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ ቀማምሰው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ሱፍ ይፈትላሉ። አመተሥላሴ ጋይዷን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ውጭ ጉሙ ከጓሳ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል።

"አመተሥላሴ፣ ይህን ነገር ተይው" አሉ የኔታ። "አንድ ጊዜ ሞከርሽ፣ እግዚአብሔር ዘጋው። በቃ።"

"እግዚአብሔር አይደለም የዘጋው፤ ማሽን ነው።"

"አትመልሽልኝ። በእኔ በረከት አትሄጂም።"

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባቷ ሳይመርቋት ከዚያ ቤት ወጥታ የምታውቀው አንድ ጊዜ ነው፤ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ። እንዴት እንደ ተመለሰች ሰው ሁሉ ያውቃል። ያለ ምርቃት ወደ ደብረ ብርሃን ብትሄድ ፈተናውን በሙሉ ልብ እንደማትሠራው ታውቃለች። እሺ ብላ ብትቀር ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀመጪ እንደተባለች ልትኖር ነው። ጋይዱን አጠፈችና ምድጃው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ተነሣች። ነጠላዋን እንደ ጥንት ተሟጋች ደረቷ ላይ አደገደገች።

"አባባ፣ እንሟገት" አለች።

"ምን?"

"እንደ አያቴ ጊዜ። ቆመን፣ ውርርድ ተክለን፣ ዳኛ አስቀምጠን። ከረቱኝ ይህን ጋይድ እዚያ ምድጃ ውስጥ በእጄ እከተዋለሁ፤ የፈተና ስምም ዳግም አላነሣም። ከረታሁዎት ይመርቁኛል።"

የኔታ ቴዎፍሎስ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የመንዝ ሰው ናቸው፤ አባታቸው በሙግት ስም የነበራቸው ሰው ናቸው። ክርክር ሲጠሯቸው እምቢ ማለት ከቁጣቸው በላይ ከበዳቸው። መቋሚያቸውን ያዙና ተነሡ።

"እኔም አንድ ጉንዶ ማር አስይዣለሁ" አሉ። "ዳኛ ማን ይሁን?"

"እማዬ።"

"እሷ?" አሉ የኔታ። "በችሎት ቃል ያጣች ዳኛ ትሁን?"

የተናገሩት ክፉ አስበው አልነበረም፤ ከአፋቸው አመለጣቸው። ግን ወጥቷል። አመተሥላሴ ደሟ ፈላ። ከመናገሯ በፊት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንዝርታቸውን ከሱፉ ጋር መሬት አኖሩ፤ ከመደቡ ከፍ ወዳለው ቦታ ተዛውረው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"የኔታ" አሉ። "ክርክርዎን ያስረዱ።"

ዳኛው ያላቸውን ቃል ነው የተናገሩት። አምስት ዓመት ሙሉ አልረሱትም ማለት ነው።

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት መቱ። "ልጄ ሕግ አትማር አላልሁም፤ ኦሪትም ሕግ ናት። ጠበቃ አትሁን ነው ያልሁ። ጠበቃ ጠዋት ለተበዳይ ይቆማል፣ ከሰዓት ለበዳይ ይቆማል። ለከፈለው ሁሉ አፉን ያከራያል። ያላመነበትን እንዳመነ አድርጎ ይናገራል። ይህች ልጅ አፏ ቃለ እግዚአብሔር ሲያነብ ያደገ አፍ ነው። ያን አፍ ለሐሰት አላውስም። ደግሞም በእኛ ጉባኤ ፍቺ ሁሉ ተያይዞ ይቆማል፤ በእነሱ ሙግት አንዱ ካልወደቀ ሌላው አይቆምም። ሰው ጥሎ መቆምን አላስተማርኋትም።"

ጥሩ ተናገሩ። አመተሥላሴ ራሷ ልቧ ውስጥ "ያስኬዳል" ብላለች፤ እዚያ ላይ ፈራች። ጋይዷ ምድጃው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ የጥንቱ ተሟጋች ባላጋራውን "በላ ልበልሃ" ብሎ እንደሚጋፈጠው አንድ እግሯን ወደ ፊት አደረገች። አባት ናቸውና አክብራ ተጋፈጠቻቸው።

"በሉ ልበልዎት!" አለች። ድምፅዋ የጣሪያውን ሣር ገጨ። "በሉ ልበልዎት፣ አባባ! እርስዎ ጉባኤ ላይ ሲያስተምሩ መጀመሪያ የመናፍቁን ቃል ያመጣሉ። 'አርዮስ እንዲህ ያለ እንደሆነ' ይላሉ። አሳንሰው አይደለም የሚያመጡት፤ አርዮስ ራሱ ቢመጣ ከእርስዎ አብልጦ አይናገረውም። ተማሪው እስኪደነግጥ ድረስ ይናገሩለታል። ከዚያ ነው መልሱን የሚሰጡት። እንዲያ ሲያደርጉ አርዮስ ሆኑ? አፍዎን አከራዩ?"

"እኔ የምናገርለት ላሸንፈው ነው!"

"እውነቱ በደንብ እንዲታይ ነው! ቃሉ ሳይሰማ የተረታ ሰው አልተረታም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በደለኛም ቢሆን ቃሉ ይሰማ። ተበዳይም ብትሆን ቃሏ ይሰማ። ሰው ጥሎ መቆም አሉኝ። እማዬ በዚያ ችሎት ስትወድቅ ማን ሊያቆማት ነበር? ሁሉ ተያይዞ የሚቆምበት ጉባኤዎ የት ነበር?"



"አስረድተው ጨርሰዋል?" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ።

"ጨርሻለሁ።"

"አንቺስ?"

"ጨርሻለሁ።"

ዳኛዋ ጥቂት ዝም አሉ። አመተሥላሴ ያን ዝምታ ታውቀዋለች፤ እናቷ ቃል አጥተው የቆሙበትን ቀን አስታወሳት። አሁን ግን ቃሉ መጣ።

"የሁለታችሁም ያስኬዳል" አሉ። "አፉን የሚያከራይ ጠበቃ አለ፤ የኔታ እውነታቸውን ነው። ልጄም እውነቷን ነው። ሁለቱንም ይዤ ብቀመጥ ለእኔ በቀለለኝ። ግን ዳኛ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁኛል። ዳኛ ሁለቱንም ይዞ አይነሣም። ስለዚህ አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ፤ የማንኛው ቃል ቢወድቅ ሰው ይጎዳል ብዬ።"

ወደ ባላቸው ዞሩ።

"የኔታ፣ ያን ቀን ቃል አጣች አሉኝ። አላጣሁም። ቃሉ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ነበረ። አንድ ሰው 'ማለቷ እንዲህ ነው' ቢልልኝ ይወጣ ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የአርዮስን ቃል አርባ ዓመት በአፍዎ ሲናገሩ የኖሩ ሰው፣ የእኔን ቃል አንድ ቀን አልተናገሩልኝም።"

የኔታ ቴዎፍሎስ የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አቀኑ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ሚስታቸው በዚያ ችሎት እንደቆሙት ቆሙ።

"ይቀመጡ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ። "ልጅቱ ትሂድ። ማሩም ይከፈል።" እንዝርታቸውን አነሡና መፍተላቸውን ቀጠሉ፤ ክሩ ግን ሁለቴ ተበጠሰባቸው።

አመተሥላሴ አርብ ጠዋት የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው መናኸሪያው ድረስ መጡ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፣ መረቋት፤ ረጅም ምርቃት ነበር፤ ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፍቶ ነው ያስቆማቸው። ማሩን ገና አልከፈሉም ነበር። ጥሩ ማር እየፈለግሁ ነው አሉ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ፈታኙ የጥያቄውን ወረቀት አደለ። እርሳሷን ቀርጻ ጀመረች። አንድ ኮንትራት አለ፣ አንድ ሻጭ፣ አንድ ገዢ፤ አራት ምርጫ። ሁለቱ እንደ ልማዳቸው እኩል ቆሙባት። ያኔ በሐሳቧ እናቷን ከመደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው። ኤ ተነሥቶ አስረዳ። ቢ ተነሥቶ አስረዳ። ሁለታችሁም ታስኬዳላችሁ አለች፤ ግን ዳኛ ሁለቱንም ይዞ አይነሣም። የማንኛው ቃል ቢወድቅ ነገሩ ይጎዳል? አንዱን ክብ አጠቆረች። በልቧ ለሌላው "አንድም" ማለቷን ግን የከለከላት ማሽን የለም። እንዲህ እያለች፣ በአንዳንዱ ጥያቄ እየተናደደች፣ አንዱን ደግሞ ጥያቄ ያወጣውን ሰው እየሰደበች፣ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ስትወጣ እርግጠኛ አልነበረችም። ባለፈው እርግጠኛ ሆና ምን አተረፈች?

ውጤቱ የመጣው እቤት ጉባኤ ላይ ሳሉ ነው። ተማሪዎቹ በዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አመተሥላሴ ቃሉን እያነበበች ነው፤ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ማንበብ አቋረጠች። በየኔታ ጉባኤ ንባብ አቋርጦ የሚያውቅ የለም፤ ተማሪዎቹ ተያዩ።

"ምንድን ነው?" አሉ የኔታ።

"ውጤት መጣ፣ አባባ። ከወንድምአገኝ ነው።"

"አንብቢው።"

አነበበችው። ድምፅዋ በመሃል ተቆረጠ፤ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው፣ እንደ መጽሐፍ ቃል፣ ቃል በቃል። የመግቢያ ፈተናውን አልፈዋል፤ ለምዝገባ ይቅረቡ ይላል። የተማሪዎቹ ጆሮ ሁሉ ወደ የኔታ ተቀሰረ፤ ትርጓሜውን የሚሰጡት እሳቸው ናቸውና። የኔታ ቴዎፍሎስ ጺማቸውን ያዙ፣ እንደ ልማዳቸው ጥቂት አሰቡ። ከበስተጓዳ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንዝርት ቆመ።

"አንድም?" አሉ የኔታ።

"አንድም የለውም፣ አባባ" አለች አመተሥላሴ። "አልፌያለሁ።"